ለልጆች የሚሆን መጽሐፍ፤ የኦነሲሞስ ነሲብ ሕይወትና ሥራ

ለልጆች የሚዘጋጅ ዕቃ፣ ወንበርም ይሁን መጫወቻ ወይም መጽሐፍ፣ የአዋቂዎቹን በመጠን በማሳነስ ብቻ አይገኝም። አስቀድሞ የልጁን እጅ፣ የልጁን ዓይንና የልጁን ጆሮ መለካት ያስፈልጋል። የሞራቪያው መምህር ኮሜንዮስ ይህን ተረድተው በ1658 በኑረንበርግ ከተማ በሥዕል የተደገፈ የልጆች መጽሐፍ ባሳተሙ ጊዜ በአውሮፓ አዲስ መንገድ ተከፈተ። በኢትዮጵያ ምዕራብ፣ በወለጋ ምድር፣ ተመሳሳይ ጥያቄ አንሥተው መልስ ከሰጡት ቀደምት ሰዎች መካከል ስማቸው በክብር የሚጠራው ኦነሲሞስ ነሲብ ናቸው። በብዙዎች ዘንድ የሚታወቁት በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉማቸው ቢሆንም፣ ለጀማሪ አንባቢዎች ያዘጋጁት መጽሐፍ በባለሙያ ዓይን ሊመረመር የሚገባው ሥራ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኦነሲሞስ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሒካ ነበር። አባታቸውን ገና በሕፃንነታቸው አጡ፤ ጥቂት ቆይቶም በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ወድቀው ከእናታቸው ተለዩ። ከገበያ ወደ ገበያ ሲሸጋገሩ ስምንት ጊዜ ተሸጠው በመጨረሻ ምጽዋ ደረሱ። በ1870 ነፃ ያወጧቸው በዚያ የነበሩት ስዊሳዊው ቬርነር ሙንዚንገር ሲሆኑ፣ ልጁን ለስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን አስረከቡት። በ1872 በትንሣኤ በዓል ዕለት ተጠምቀው ኦነሲሞስ ተባሉ። ትርጓሜው በጽርዕ ቋንቋ ጠቃሚ ማለት ሲሆን፣ ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት የተጠቀሰው ባሪያ ስም ነው።

በትምህርታቸው ትጉ ስለነበሩ ወደ ስዊድን ተልከው በዮሐንስሉንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ለአምስት ዓመት ተማሩ። በ1881 ወደ ምጽዋ ተመልሰው ምሕረት ኃይሉ የተባሉትን ሴት አገቡ። ሐሳባቸው አንድና አንድ ብቻ ነበር፤ ይኸውም ወደ ተወለዱበት ሕዝብ መድረስ። በዚያው ዓመት በሱዳን በኩል ጉዞ ጀምረው ከወሰኑ አጠገብ እስከ ፋማካ ቢዘልቁም ማለፍ ስላልቻሉ ወደ ካርቱም ተመለሱ። ሁለተኛው ጉዞ በ1886 እንጦጦ ቢያደርሳቸውም ወደ ምዕራብ ለመቀጠል ፈቃድ አላገኙም። መንገዱ ሁለት ጊዜ ከተዘጋባቸው በኋላ፣ እርሳቸው ሊደርሱበት ወዳልቻሉት አገር መጻሕፍት እንዲደርሱላቸው በማሰብ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ተቀምጠው የትርጉም ሥራቸውን አጠበቁ።

እዚህ ላይ ከባድ ችግር ገጠማቸው። ሥራው የሚጠይቀው የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን ነው፤ እርሳቸው ግን ከቤታቸው የተነጠቁት በልጅነታቸው ነበር። ዘመናቸው ያለፈው በዓረብኛ፣ በትግርኛ፣ በአማርኛና በስዊድንኛ መካከል በመሆኑ የእሳት ዳር ተረቱ፣ የእናቶች እንጉርጉሮና የሽማግሌ ምሳሌ ከእጃቸው ወጥቶ ነበር። ሰዋስው ከመጽሐፍ ይገኛል፤ የቋንቋ ጣዕም ግን የሚገኘው ከቤተሰብ ነው። ኦነሲሞስ ይህን ጉድለት ሳይሸፍኑ ረዳት ፈለጉ።

ረዳቷም አስቴር ጋኖ ሆኑ። አስቴር በሊሙ እናርያ በባርነት ከቆዩ በኋላ ወደ ዓረብ አገር ሲጫኑ በ1886 የጣሊያን መርከብ አግኝቶ ነፃ ያወጣቸው ወጣት ነበሩ። በእምኩሉ ትምህርት ቤት ገብተው ሲማሩ የማስታወስ ችሎታቸውና የቋንቋ ስጦታቸው ተገለጠ። እስከ አምስት መቶ የሚደርሱ እንቆቅልሾችን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌዎችንና ዘፈኖችን ከትዝታቸው እያወጡ ጻፉ፤ ለትርጉሙ መሠረት የሆነ ሰፊ የቃላት ስብስብም አዘጋጁ። አንደኛው የመጽሐፍን አሠራር፣ ሁለተኛዋ የቤትን ቋንቋ ይዘው ተገናኙ ማለት ነው።

የዚህ ኅብረት ፍሬ የሆነው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ በ1894 በእምኩሉ ታተመ። የመጽሐፉን ትርጉም በሚገባ ለመረዳት የዘመኑን ትምህርት ማስታወስ ያሻል። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ልጁ ፊደል ይቆጥራል፣ አቡጊዳ ይላል፣ ከዚያም መልእክተ ዮሐንስንና ዳዊትን በግዕዝ ይደግማል። ትምህርቱ ጥልቅ ሥርዓት ያለው ቢሆንም የሚነበበው ልጁ በቤቱ በማይናገርበት ቋንቋ ነው። ኦሮምኛ ተናጋሪ ለሆነ ልጅ ደግሞ ርቀቱ እጥፍ ይሆናል። በአዲሱ ማንበቢያ ግን ልጁ ፊደሉን ለይቶ ድምፁን ሲያገጣጥም የሚደርስበት ቃል ቀድሞ የሚያውቀው ነው። ሕቦ የሚባለው የኦሮምኛ እንቆቅልሽ በገጹ ላይ ሲገኝ ንባቡ ጨዋታ ይሆናል፤ እናቲቱ ፊደል ባትቆጥርም ልጇ የሚያነበውን ሰምታ ስሕተቱን ልታርም ትችላለች። ስለዚህም መጽሐፉ የልጁ ብቻ ሳይሆን የቤተሰቡ ሆነ።

የጽሕፈቱ ጉዳይም ቀላል አልነበረም። ኦነሲሞስ የመረጡት የግዕዝን ፊደል ነው። ፊደሉ በአገሩ የታወቀና የተከበረ በመሆኑ መጽሐፉ እንግዳ መስሎ አይታይም። በአንጻሩ ማተሚያ ቤቱ ሠላሳ ሦስቱን ፊደላት በሰባት ሰባት ዝርዝራቸው፣ ይኸውም ከሁለት መቶ ሠላሳ በላይ የብረት ሆሄያት፣ ለይቶ መያዝ ይኖርበታል፤ ለቃሚውም እያንዳንዷን በእጁ ይደረድራል። ከዚህም ሌላ የግዕዝ ፊደል የድምፅን መጥበቅና መላላት አያሳይም። በኦሮምኛ መጥፎ ማለት የሆነው ቃልና ደጋ ማለት የሆነው ቃል የሚለያዩት በአንዲት ድምፅ መጥበቅ ብቻ ሲሆን፣ በግዕዝ ሲጻፉ ሁለቱም በዳ ናቸው። አንባቢው ቋንቋውን ካወቀ ከዐረፍተ ነገሩ ይለየዋል፤ ካላወቀ ግን ይሰናከላል። የታወቀ ተረትና ምሳሌ ለጀማሪ መምረጡ ይህንንም ችግር የሚያቃልል ነበር።

አዲስ ኪዳን በ1893፣ መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በስዊስ አገር በቅዱስ ክሪሾና ታትሞ ወጣ። ከትርጉሞቻቸው አንዱ የዶክተር ባርት የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ነው። ይህ መጽሐፍ ሃምሳ ሁለት ታሪክ ከብሉይ፣ ሃምሳ ሁለት ከአዲስ ኪዳን የያዘ ሲሆን፣ ቁጥሩ ከዓመቱ ሳምንቶች ጋር የተመጣጠነ ነው። የሰው ልብ የተባለውንም መጽሐፍ ተርጉመዋል፤ የዚህ መጽሐፍ ምንጭ የሆነው የጀርመንኛ ሥራ የሰውን ልብ በእንስሳት አምሳል በሚገልጹ ሥዕሎቹ የታወቀ ነው። ምርጫቸው ሁሉ የተጓዘው ወደ ልጅና ወደ ተራ አንባቢ ነበር።

በ1904 መንገዱ ተከፈተ። ኦነሲሞስ፣ አስቴርና ጓደኞቻቸው ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤል ቀድመው ወደ ሠሩበት ወደ ቦጂ መጡ፤ ከዚያም ወደ ነቀምቴ ተሻገሩ። የነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ማለት ኩምሳ ሞረዳ፣ በክብር ተቀበሏቸው። የነጋዴዎች መናኸሪያ በሆነችው በዚህች ከተማ ትምህርት ቤት ተቋቋመ፤ አስቴርም መምህርት ሆኑ። በባዕድ ባሕር ዳር የተዘጋጀው መጽሐፍ ከዐሥር ዓመት በኋላ ከእውነተኛ አንባቢዎቹ እጅ ገባ።

ይሁን እንጂ ጸጥታው አልሰነበተም። በኦሮምኛ መስበካቸው ከካህናቱ ጋር አጋጫቸው፤ እመቤታችንን ነቅፈዋል ተብለው ተከሰሱ። በ1906 ጉዳዩ ከአቡነ ማቴዎስ ዘንድ ቀርቦ እንዲጋዙ ተፈረደባቸው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቀዱ፤ ነገር ግን እንዳይሰብኩ አዘዙ። ስብከቱ ሲከለከል የቀራቸው ትምህርት ቤቱ ነበር። ለሰባኪ መራራ የሆነው ይህ ትእዛዝ ኃይላቸውን በሙሉ ወደ ልጆቹ መለሰው። በ1916 ልጅ ኢያሱ ስብከቱን ፈቀዱላቸው፤ እርሳቸው በዚያው ዓመት ከሥልጣን ቢወርዱም ፈቃዱ አልተሻረም። በወዳጆቻቸው ዘንድ አባ ገመቺስ ተብለው የሚጠሩት ኦነሲሞስ እስከ መጨረሻው ሲያስተምሩ ኖረው ሰኔ 21 ቀን 1931 በአውሮፓ አቆጣጠር በነቀምቴ አረፉ። አስቴር ጋኖ እስከ 1964 ኖሩ።

ከእርሳቸው በኋላ የማንበቢያው ዕድል ውጣ ውረድ የበዛበት ነበር። ሚሲዮኖችን የሚመለከተው የ1944 ድንጋጌ የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን ስለደነገገ፣ የኦሮምኛ ንባብ ከትምህርት ቤት ወደ ቤትና ወደ ጸሎት ቤት አፈገፈገ። በ1979 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኦሮምኛን እንደገና በግዕዝ ፊደል ለጎልማሶች አቀረበ። ከ1991 ወዲህ ደግሞ ቁቤ በተባለው የላቲን አጻጻፍ መጥበቅና መርዘም በግልጽ ይታያል። የዛሬው የነቀምቴ ልጅ የኦነሲሞስን መጽሐፍ በመጀመሪያው ጽሕፈቱ ማንበብ ይቸግረው ይሆናል፤ በቤቱ ቋንቋ መማሩ ግን የእርሳቸው ሐሳብ ፍሬ ነው።

ፊደል ይለወጣል፤ ማተሚያውም ያረጃል። ጸንቶ የሚቆየው ሥራው የተቃናበት ልክ ነው። ኦነሲሞስ ልኩን ያገኙት ከራሳቸው ዕውቀት ብቻ ሳይሆን፣ የጎደላቸውን ካልጎደላት ሴት ጠይቀው ነው። ለልጅና ለቤተሰብ የሚሆን ነገር የሚነድፍ ባለሙያ ሁሉ፣ መሐንዲስም ይሁን ሠዓሊ ወይም የመጽሐፍ አዘጋጅ፣ መጀመሪያ ሊጠይቀው የሚገባው ሰው ማን እንደሆነ ከዚህ ሕይወት ይማራል።