ሃዋርድ ሎትሶፍ፡ ሱስን በዕፅ ለማከም የተነሡት ሰው ሕይወትና ትተውት ያለፉት የጥንቃቄ ትምህርት

በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎ፣ በሞያሌና በሌሎችም የደቡብ ቆላማ ከተሞች የጫትና የአልኮል ሱስ በጤና፣ በቤተሰብ ገቢና በሥራ ላይ የሚያስከትለው ጉዳት ለአስተዳደር አካላትም ሆነ ለጤና ባለሙያዎች አዲስ ጉዳይ አይደለም። ከሱሱ ለመላቀቅ የቆረጠ ሰው ሐራራውን፣ የሌሊት ዱካኩንና ድብርቱን መቋቋም አቅቶት ወደነበረበት ሲመለስ ማየት የተለመደ ነው። በመሆኑም ሱስን በአንድ ሌሊት ነቅሎ የሚጥል መድኃኒት ተገኘ የሚል ወሬ ሲነገር ጆሮ የሚሰጠው ሰው አይጠፋም።

ይህን ተስፋ ለዓለም በማስተዋወቅ ስማቸው በቀዳሚነት የሚነሣው አሜሪካዊው ሃዋርድ ሎትሶፍ ናቸው። ሎትሶፍ ሐኪም አልነበሩም፤ የመድኃኒት ቅመማ ትምህርትም አልተማሩም። ሆኖም ከመካከለኛው አፍሪካ ደን የሚገኝ አንድ ዕፅ በሱስ ሕክምና ምርምር ውስጥ ስፍራ እንዲያገኝ ዕድሜያቸውን ሙሉ ደክመዋል። የሕይወት ታሪካቸው አንድን ዕፅ መድኃኒት የሚያሰኘው ኃይሉ ብቻ ሳይሆን ከመሰጠቱ በፊት የሚደረገው ምርመራና ከተሰጠ በኋላ የሚደረገው ክትትል መሆኑን በግልጽ ያሳያል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ከአዋጁ ቁጥር በቀር፣ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሎትሶፍ የተወለዱት በ1943 በኒውዮርክ ከተማ ብሮንክስ በተባለው ክፍል ነው። በወጣትነታቸው በሄሮይን ሱስ ተይዘው ነበር። በ1962 የ19 ዓመት ወጣት ሳሉ ኢቦጌይን የተባለውን ንጥረ ነገር ወሰዱ። ሲወስዱት ሱስን ያድናል ብለው ሳይሆን የሚያሳየውን ራእይ ለማወቅ በመጓጓት ነበር። ከአንድ ቀን በላይ የቆየው የዕፁ ኃይል ሲለቃቸው ግን ያልጠበቁት ነገር ገጠማቸው። ሄሮይን ያቋረጠ ሰው የሚደርስበት የሰውነት መንቀጥቀጥ፣ ማስመለስና ሕመም አልታየባቸውም፤ ዕፁን የመውሰድ ፍላጎታቸውም ጠፍቶ ነበር።

ኢቦጌይን ኢቦጋ ከተባለ ቁጥቋጦ የሥር ቅርፊት የሚገኝ ሲሆን ቁጥቋጦው በጋቦንና በአካባቢዋ ባሉ አገሮች ይበቅላል። የጋቦን የብዊቲ እምነት ተከታዮች ቅርፊቱን አዲስ አማኝ በሚቀበሉበት ሥርዓት ላይ ይጠቀሙበታል። ሥርዓቱ የሚፈጸመው ልምድ ባላቸው አዋቂዎች መካከል ነው እንጂ ሰው ቅርፊቱን ለብቻው ወስዶ የሚተኛበት አይደለም። ንጥረ ነገሩ በላቦራቶሪ ተለይቶ የወጣው በ1901 ነው። ከ1939 ጀምሮም በፈረንሳይ አገር አነስተኛ መጠን ያለው ኢቦጌይን የያዘ ላምባሬኔ የተባለ እንክብል ለድካም ማስታገሻ ይሸጥ ነበር፤ በ1960ዎቹ ግን ከገበያ እንዲወጣ ተደርጓል።

ሎትሶፍ በራሳቸው ላይ ያዩትን ለማረጋገጥ ዕፁን ሃያ ለሚሆኑ ጓደኞቻቸውና የሚያውቋቸው ሰዎች ሰጡ። ከእነዚህ መካከል ሰባቱ የሄሮይን ሱሰኞች ሲሆኑ አምስቱ ለወራት ያህል ከሄሮይን መራቃቸውን በኋላ ላይ ገልጸዋል። በዚህ ሙከራ ልቡ የተመረመረ፣ ደሙ የታየ ወይም አጠገቡ ሐኪም የነበረ ሰው አልነበረም። ሁሉም በሕይወት መትረፋቸው ዕፁ አደጋ የለውም የሚያሰኝ አልነበረም፤ የአደጋው ልክ የታወቀው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው።

የአሜሪካ መንግሥት ራእይ የሚያሳዩ ዕፆች በወጣቶች ዘንድ መስፋፋታቸው ስላሳሰበው በ1960ዎቹ መጨረሻ ኢቦጌይንን አገደ። በ1970 የወጣው ሕግ ደግሞ ከፍተኛ ቁጥጥር ከሚደረግባቸውና ለሕክምና አገልግሎት ካልተፈቀዱት ዕፆች ተራ አሰለፈው። ከዚህ በኋላ ጉዳዩ ለዓመታት ተረሳ። ሎትሶፍም በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ትምህርት ተከታትለው በ1970ዎቹ ተመረቁ።

በ1980ዎቹ ወደ ቀድሞው ሐሳባቸው ሲመለሱ የመረጡት በሕግና በሳይንስ በኩል ያለውን መንገድ ነበር። በ1985 ኢቦጌይን የሄሮይን ሱስን ለማከም በሚውልበት ዘዴ ላይ የባለቤትነት መብት አገኙ። በተከታዮቹ ዓመታትም ለኮኬይንና ለአምፌታሚን፣ ለአልኮል እንዲሁም ለትምባሆ ሱስ ተመሳሳይ መብቶችን አስመዘገቡ። በ1986 ኤንዲኤ ኢንተርናሽናል የተባለ ኩባንያ አቋቁመው ተመራማሪዎች ንጥረ ነገሩን በእንስሳት ላይ እንዲፈትኑት መወትወት ጀመሩ። በኔዘርላንድና በአሜሪካ የተካሄዱ የአይጥ ሙከራዎችም የሱስ ማቋረጥ ሕመምንና ዕፅ የመሻት ባሕርይን እንደሚቀንስ አመላከቱ። ትልልቅ የመድኃኒት ኩባንያዎች ፊት ስለነሷቸው ግን ሎትሶፍ ከ1980ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ ፈቃደኛ ታካሚዎችን በኔዘርላንድ ማከም ቀጠሉ።

1993 በሎትሶፍ ሕይወት ትልቁ ተስፋና ትልቁ ፈተና የተገናኙበት ዓመት ነበር። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ንጥረ ነገሩ በሰው ላይ ያለው ደኅንነት በመጀመሪያ ደረጃ ጥናት እንዲፈተሽ ፈቀደ። በዚያው ዓመት የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከፍተኛ መጠን የተሰጣቸው አይጦች የሰውነት ሚዛንን በሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍላቸው ላይ ጉዳት መታየቱን ይፋ አደረጉ። በኔዘርላንድ ደግሞ አንዲት ወጣት ታካሚ በሕክምናው ላይ እያለች ሕይወቷ አለፈ። የሞቷ ምክንያት በእርግጠኝነት ሊለይ ባይችልም የኔዘርላንዱ ሥራ በዚሁ ተቋረጠ። በ1995 የአሜሪካው ብሔራዊ የዕፅ ሱስ ጥናት ተቋም ለክሊኒካል ሙከራው ገንዘብ ላለመመደብ ወሰነ።

ሙከራው ቢቆምም ፈላጊው አልቆመም። ቁጥጥር በላላባቸው አገሮች የግል ማዕከላት ተከፈቱ፤ በየቤቱና በየሆቴሉ ዕፁን የሚሰጡ ሰዎችም በዙ። ከሳይንሳዊ ምርመራ የወጣው ዕፅ ወደ ገበያ በመግባቱ የሟቾች ቁጥር መታየት ጀመረ። በ2012 የታተመ አንድ ጥናት ከ1990 እስከ 2008 ባለው ጊዜ ኢቦጌይን ከወሰዱ በኋላ ከ76 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ የሞቱ 19 ሰዎችን መዝግቧል። በቂ የአስከሬን ምርመራ መረጃ ከተገኘላቸው 14ቱ ውስጥ በ12ቱ ላይ ቀድሞ የነበረ ከባድ ሕመም፣ በተለይም የልብ ሕመም፣ ወይም አብሮ የተወሰደ ሌላ ዕፅ ለሞቱ ምክንያት ወይም አጋዥ ሆኖ ተገኝቷል። አብዛኞቹ አስቀድሞ በሚደረግ ምርመራ ሊለዩ የሚችሉ አደጋዎች ነበሩ ማለት ነው።

አደጋው በዋነኛነት የሚያርፈው ልብ ላይ ነው። ልብ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ለቀጣዩ ምት በኤሌክትሪክ ኃይል ራሱን ያዘጋጃል። ኢቦጌይን ይህን የዝግጅት ጊዜ ያራዝመዋል፤ የልብ ምትንም ያዘገያል። ጊዜው ከልክ በላይ ሲረዝም የልብ ምት ተዛብቶ ድንገተኛ ሞት ሊከተል ይችላል። በደም ውስጥ ያለው የፖታሲየምና የማግኒዚየም መጠን ዝቅተኛ ከሆነ አደጋው ይጨምራል። ተቅማጥና ማስመለስ እነዚህን ማዕድናት ስለሚያሳጡ ሰውነቱ የተጎዳ ሱሰኛ በቀላሉ ለዚህ ይጋለጣል። ጉበት ኢቦጌይንን ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ይለውጠዋል፤ ይኸው ንጥረ ነገር በሰውነት ውስጥ ለቀናት ስለሚቆይ ታካሚው ነቅቶ መቀመጡ ብቻ አደጋው አልፏል አያሰኝም።

ሌሎች አደጋዎችም አሉ። የአልኮል ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት ሱሰኛ የሆነ ሰው ልማዱን በድንገት ሲያቋርጥ የሚጥል በሽታ የሚመስል መንፈራገጥ ሊይዘውና ሊሞት ስለሚችል በቅድሚያ ለብቻው መታከም ይኖርበታል። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ራእይ የሚያሳይ ዕፅ ቢሰጠው ሕመሙ ሊባባስበት ይችላል። ከሕክምናው በኋላ ወደ ሄሮይን የሚመለስ ሰው ደግሞ ሰውነቱ የቀድሞውን መጠን መሸከም ስለማይችል ዱሮ በለመደው ልክ ወስዶ ሊሞት ይችላል።

ሎትሶፍ በሕይወታቸው ሁለተኛ ምዕራፍ ትኩረታቸውን በእነዚህ አደጋዎች ላይ አደረጉ። ቦአዝ ዋክተል ከተባሉት ባልደረባቸው ጋር ሆነው ሕክምናውን ለሚሰጡ ሰዎች መመሪያ አዘጋጅተዋል። የመመሪያው የተሻሻለ እትም በ2003 የወጣ ሲሆን የሚያተኩረውም በአራት ጉዳዮች ላይ ነው። እነዚህም ታካሚን አስቀድሞ መምረጥና መመርመር፣ ደኅንነት፣ በሕክምናው ወቅት የሚደረግ ክትትል እና ከሕክምናው በኋላ የሚሰጥ እንክብካቤ ናቸው። ታካሚው ስለሚሰጠው ነገር ሙሉ መረጃ የማግኘት፣ በራሱ ፈቃድ የመወሰንና በክብር የመታከም መብት እንዳለውም አጥብቀው ይከራከሩ ነበር። በ19 ዓመታቸው ያለ አንዳች ምርመራ ዕፁን ለጓደኞቻቸው ያደሉት ሰው በስተርጅና ያለ ምርመራ እንዳይሰጥ የሚያሳስብ ሰነድ ጸሐፊ ሆኑ።

ሎትሶፍ በጥር ወር 2010 መጨረሻ ላይ በጉበት ካንሰር ምክንያት በ66 ዓመታቸው በኒውዮርክ አረፉ። ዕፁ በአገራቸው በመድኃኒትነት ሲፈቀድ ለማየት አልታደሉም። ከእርሳቸው ሞት በኋላ በዘርፉ የሚሠሩ ባለሙያዎች በ2015 ዝርዝር የሕክምና መመሪያ አውጥተዋል። በኒውዚላንድ በሐኪም ትእዛዝ እንዲሰጥ ተፈቅዶ የተደረገና ውጤቱ በ2018 የታተመ ጥናት ከ14 ተሳታፊዎች መካከል አንዱ መሞቱን መዝግቧል። በ2024 የታተመው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የጭንቅላት ጉዳት የደረሰባቸውን 30 የቀድሞ ወታደሮች የተከታተለ ሲሆን፣ ልባቸውን ለመጠበቅ ማግኒዚየም አብሮ ተሰጥቷቸው ከባድ የልብ ችግር ሳይገጥማቸው ሕክምናውን ጨርሰዋል። በ2025 ደግሞ የቴክሳስ ግዛት ለክሊኒካል ሙከራ የሚውል 50 ሚሊዮን ዶላር ፈቅዷል።

ይህ ታሪክ ለአገራችን፣ በተለይም ለቆላማው አካባቢ፣ የራሱ የሆነ ትርጉም አለው። አንደኛው ጉዳይ ወባ ነው። ለወባ ሕክምና የሚውሉት ክሎሮኪንና ኪኒን እንደ ኢቦጌይን ሁሉ የልብን የዝግጅት ጊዜ ያራዝማሉ፤ ክሎሮኪን በሰውነት ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል። በቅርቡ የወባ መድኃኒት የወሰደ ሰው ላይ ሁለተኛ ጫና መጨመር አደገኛ ነው። ጫትም ቢሆን የልብ ምትንና የደም ግፊትን የሚጨምር በመሆኑ ለረጅም ዓመታት የቃመ ሰው ልብ ጤነኛ ነው ተብሎ በግምት ሊታለፍ አይገባም። ከዚህም በላይ ኢቦጌይን የጫትን ሱስ እንደሚያድን በጥናት የተረጋገጠ ነገር የለም።

ሁለተኛው ጉዳይ የትውልድ ባሕርይ ነው። ኢቦጌይንን በጉበት ውስጥ የሚለውጠው ኢንዛይም ከሰው ሰው ይለያያል። ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው በ1996 ባሳተሙት ጥናት ከመረመሯቸው ኢትዮጵያውያን መካከል 29 በመቶ የሚሆኑት ይህን ኢንዛይም የሚያዝዘው ዘረመል ትርፍ ቅጂ እንዳላቸው አሳይተዋል። ይህም ከአውሮፓውያን ጋር ሲነጻጸር እጅግ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ በሌላ አገር ሕዝብ ላይ የተለካ መጠን ለኢትዮጵያዊ ታካሚ እንዳለ ሊገለበጥ አይችልም።

ዕፅ እንደ አወሳሰዱ መድኃኒትም መርዝም እንደሚሆን ሕዝባችን ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። በየጓሮውና በየመንገዱ ዳር የሚበቅለው አስተናግር ለጥርስ ሕመም በጭስ መልክ ይታጠናል፤ የዋጠው ሰው ግን አእምሮውን ስቶ ይቃዣል፤ እስከ ሞትም ሊደርስ ይችላል። በሥራ ላይ ያለው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ማንኛውም መድኃኒት ጥቅም ላይ ከመዋሉ በፊት ደኅንነቱ፣ ፈዋሽነቱና ጥራቱ ተረጋግጦ እንዲመዘገብ የሚጠይቀውም ይህን መሰሉን አደጋ ለመከላከል ነው።

በመሆኑም በየደረጃው ያሉ የጤና፣ የፍትሕና የአስተዳደር ተቋማት ሠራተኞች ሱስን በአንድ ሌሊት አድናለሁ የሚል ማስታወቂያ ወይም ግለሰብ ሲገጥማቸው ሊያነሷቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ግልጽ ናቸው። መድኃኒቱ ተመዝግቧል ወይ? የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ይደረጋል ወይ? የፖታሲየም፣ የማግኒዚየምና የጉበት የደም ምርመራስ? ታካሚው የሚወስዳቸው ሌሎች መድኃኒቶች ተጠይቀዋል ወይ? የቆመ ልብ ማስነሣት የሚችል ባለሙያና መሣሪያ ለቀናት አጠገቡ ይኖራል ወይ? ከዚያ በኋላስ ማን ይከታተለዋል? ከእነዚህ የአንዱ መልስ እንኳ አይደለም ከሆነ ሕክምናው ሊጀመር አይገባም። ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቅ እንደ ነገሌ ቦረና ባለ ከተማ ልቡ የቆመ ሰው ወደ ከፍተኛ ሕክምና እስኪደርስ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም።

ሱሰኛው ሕመምተኛ እንጂ ወንጀለኛ አለመሆኑን ማስተዋልም የዚሁ ኃላፊነት አካል ነው። ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ሆስፒታል ቀርቦ ምክር፣ የአእምሮ ጤና ሕክምናና የቤተሰብ ድጋፍ የሚያገኝበት በር ክፍት ካልሆነ ወደ ድብቁ መንገድ መሄዱ አይቀርም። ከሃዋርድ ሎትሶፍ ሕይወት የሚገኘው ትልቁ ትምህርትም ይኸው ነው። የመዳን ተስፋና የደኅንነት ጥንቃቄ በተለያዩበት ስፍራ ሰዎች ሞተዋል፤ ሁለቱ በተገናኙበት ግን ታካሚዎች በሰላም ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል።