ከጡረታ በኋላ ሥራ የጀመሩት ሐኪም

ባለፈው ስንገናኝ የክፍል ጓደኞቼ ከእንጅባራ የምወጣበትን ቀን ጠየቁኝ። የቢሮ ኃላፊነት እንደቀረበልኝ ሲሰሙ ደግሞ ሙያሽን ልትጥዪ ነው ብለው አዘኑልኝ። ዝም አልኩ። በሐሳቤ የነበሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው።

ጎንደር ተወልደው፣ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ውጊያ በኋላ በሕፃንነታቸው እንግሊዞች ወደ ሕንድ ወሰዷቸው። ቻርልስ ማርቲን የተባሉት በአሳዳጊዎቻቸው ስም ነው። ላሆር ሕክምና ተምረው አብዛኛውን የሥራ ዘመናቸውን በርማ ለእንግሊዝ መንግሥት አገለገሉ። ከዓድዋ ድል በኋላ አዲስ አበባ መጥተው ዘመዶቻቸውን ሲያገኙ አማርኛው ጠፍቷቸው ነበር።

እኔን የሚገርመኝ ከጡረታ ወዲህ ያለው ነው። በ1911 ዓ.ም. ጠቅልለው ሲገቡ ሃምሳን አልፈዋል፤ ሌላው ሰው የሚያርፍበት ዕድሜ እኮ ነው! ዳኛ ሆኑ። በ1917 የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በበላይነት መሩ። በ1920 የጣናን ግድብ ጉዳይ ይዘው አሜሪካ ዘለቁ (ጣና ጎረቤታችን ስለሆነ ይቺን ሁሌ አነሳታለሁ)። ጨርጨርን አስተዳድረው መንገድ አስጠረጉ። ጣሊያን ሲወረን ለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ነበሩ፤ እዚያ ሆነው ለአገራቸው ሲሟገቱ፣ በ1929 ፋሺስቶች ቢንያምና ዮሴፍ የተባሉ ልጆቻቸውን አዲስ አበባ ላይ ገደሉባቸው።

በ1945 ዓ.ም. አረፉ። አዛዥ የሚል ማዕረግ ነበራቸው፤ ሕዝቡ ግን እስከ መጨረሻው ሐኪም ወርቅነህ ነው ያላቸው።

ቢሮውን ተቀብያለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ ግን ተመላላሽ ክፍል ታገኙኛላችሁ።