ኔብሪሃ፦ የግስ እርባታው ሰውዬ

ባለፈው ሴሚስተር የስፓኒሽ ኮርስ ስወስድ ያስጨነቀኝ የግስ እርባታ ነው። መደበኛ የሚባሉት ግሶች እንኳ ሦስት ጎራ አላቸው፤ ንዑስ አንቀጻቸው በ«አር»፣ በ«ኤር» ወይም በ«ኢር» ያልቃል። አብላር (መናገር)፣ ኮሜር (መብላት)፣ ቢቢር (መኖር)። የየጊዜውንና የየአንቀጹን መድረሻ ስሸመድድ አንዱ ሌላውን እያስረሳኝ በመጀመሪያው ፈተና ወደቅሁ። ለመሆኑ ይህን ነገር መጀመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ያስገባው ማነው ብዬ ስፈልግ ነው አንቶኒዮ ደ ኔብሪሃን ያገኘሁት።

ሰውዬው በ1440ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በደቡብ ስፔን ሌብሪሃ በምትባል ከተማ ተወለደ። ሳላማንካና ቦሎኛ ተምሮ ሲመለስ የላቲን መምህር ሆነ፤ በ1481 ያሳተመው የላቲን መማሪያም ስም አስገኘለት። በዚያ ዘመን ሰዋስው ማለት ላቲን ነው። የአገሩን ካስቲልኛማ ሰው ከእናቱ ይሰማዋል እንጂ ማን መጽሐፍ ይጽፍለታል? ንግሥት ኢሳቤላም ናሙናውን ሲያሳያቸው ለምን ይጠቅማል ብለው እንደጠየቁት ራሱ በመቅድሙ ተርኳል። እሱ ግን በ1492 ሳላማንካ ላይ አሳተመው። አምስተኛውና የመጨረሻው ክፍል ካስቲልኛን ለሚማሩ የውጭ ሰዎች የተጻፈ ነው፤ ለኔ ቢጤ ማለት ነው።

እርግጥ ከላቲን ጥላ ፈጽሞ አልወጣም፤ አንቀጾቹን የላቲን መምህራን እንደሚያደርጉት አምስት ብሎ ቆጥሯል። እኔን ያዳነኝ የትንቢቱን ጊዜ የፈታበት መንገድ ነው። በሱ አካሄድ «አብላሬ» (እናገራለሁ) ማለት «አብላር» ላይ «ኤ» የሚለው ረዳት ግስ ተለጥፎበት ነው። «አብላራ» (ይናገራል) ደግሞ «አብላር» ሲደመር «አ»። ለዚህ ነው በሦስቱም ጎራ መድረሻው አንድ የሆነው፦ አብላሬ፣ ኮሜሬ፣ ቢቢሬ። የኛስ «እናገራለሁ» ያው «እናገር» እና «አለሁ» አይደል እንዴ! ብቻዬን ሳቅሁ። በድጋሚ ፈተናው የትንቢቱን ጥያቄ አንድም ሳልስት ሠራሁ። ሰብጀንክቲቩ ግን አሁንም ያስቸግረኛል።

ኔብሪሃ ኋላ ላይ ብዙ አልተመቸውም። የመጽሐፍ ቅዱስን ቃላት በሰዋስው ዐይን መመርመር ቢጀምር የኢንኩዊዚሽኑ ሹም ዲዬጎ ደ ዴሳ ወረቀቶቹን ወሰዱበት። በ1513 ሳላማንካ የተወዳደረበትን የማስተማሪያ ወንበር ነፈገችው፤ ካርዲናል ሲስኔሮስ አልካላ ላይ ተቀበሉት። እዚያው እያስተማረ በ1522 ሞተ። የላቲን መማሪያው በየጊዜው ሲታተም ያ የካስቲልኛ ሰዋስው ግን በሕይወቱ ሳለ አንድ ጊዜ እንኳ አልተደገመም፤ ሁለተኛ እትሙ የወጣው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው።