ሞሐመድ አሚን፣ ኮረምና የካሜራው ዓይን

በኤሌክትሮኒክስ ትምህርት ሲሲዲና ሲሞስ የሚባሉትን የካሜራ ሴንሰሮች አወዳድሩ ስንባል አብዛኞቻችን ሲሞስ አሸነፈ ብለን ጽፈን እንወጣለን። እኔ የመርሳ ልጅ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ጥያቄው ሲነሣ ቀድሞ የሚመጣልኝ ሞሐመድ አሚን ነው። የሀብሩን ምድር አቋርጦ መርሳ ላይ የሚያልፈው የደሴ መንገድ ወልድያን፣ ቆቦንና አላማጣን አልፎ ኮረም ይወጣል። አሚን የ77ን ረሃብ ለዓለም ያሳየው ከዚያ ነው።

አሚን በ1935 ዓ.ም. ናይሮቢ ውስጥ ከአንድ የባቡር ሠራተኛ ተወለደ፤ ዘሩ ከሕንድ ክፍለ አህጉር ነው። በልጅነቱ ያገለገለች ቦክስ ብራውኒ ካሜራ አገኘና በዚያው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1963 ዳሬሰላም ላይ ካሜራፒክስ የሚባለውን ድርጅት ሲያቋቁም ገና ሃያ ዓመቱ ነበር። ያኔ ሥራው በፊልም ነው፤ አንሥቶ፣ አሽጎ፣ በአውሮፕላን ልኮ፣ ታጥቦ እስኪታይ መጠበቅ።

ቪዲዮ ሲመጣ ብርሃኑን የሚቀበለው የመስታወት ቱቦ ሆነ። በውስጡ የኤሌክትሮን ጨረር ምስሉን መስመር በመስመር ያነባል። ችግሩ ብርቱ ብርሃን ሲያይ ጅራት ይጎትታል፣ ፀሐይ ላይ ከዞረም ሊቃጠል ይችላል። ሲሲዲ እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ላብራቶሪ ቢፈለሰፍም በ1977 ዓ.ም. በዜና ካሜራ ውስጥ ገና ብርቅ ነበር።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ አሚን ከቢቢሲው ማይክል በርክ ጋር ኮረም ደረሰ። በንጋት፣ በዚያ ብርድ፣ ሜዳው ላይ ያደረውን ሕዝብ ቀረፀ። ምስሉ ጥቅምት 13 በቢቢሲ ታየ፤ ከዚያም ከ400 በላይ ጣቢያዎች አስተላለፉት። በቀጣዩ ሐምሌ የተካሄደው ላይቭ ኤይድ የመጣው ከዚሁ ነው። እኔ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ፦ ያን ምስል ያየ ሰው ድርቁን እንጂ ጦርነቱን አላየም። ለረሃቡ ሁለቱም ምክንያት ነበሩ፤ ሌንስ የሚያነሣው ደግሞ ፊቱ ያለውን ብቻ ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ሴንሰሮች ኮረም ላይ እናቁማቸው። በሲሲዲ ውስጥ በየፒክሰሉ የተጠራቀመው ቻርጅ፣ ሰዎች ተሰልፈው ጀሪካን እንደሚቀባበሉት፣ እጅ በእጅ ተላልፎ አንድ መውጫ ላይ ይለካል። መለኪያው አንድ ስለሆነ ምስሉ ወጥ ነው፣ ጫጫታውም ትንሽ። ቅብብሎሹ ግን ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይፈልጋል፤ ባትሪ ይበላል። ብርቱ መብራት ካየም ከላይ እስከ ታች ነጭ መስመር ሊያሰምር ይችላል።

ሲሞስ ለየፒክሰሉ የራሱን አምፕሊፋየር ሰጠው፤ በየቤቱ ቧንቧ እንደማስገባት ማለት ነው። ዛሬ የምናውቀው ዓይነት የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በናሳ ጄት ፕሮፐልሽን ላብራቶሪ በኤሪክ ፎሰም ቡድን ነው። ኤሌክትሪክ ይቆጥባል። መጀመሪያ ላይ ግን የየፒክሰሉ መለኪያ እኩል ስላልነበር ምስሉ ይሻክር ነበር፤ ረድፎቹም በተራ ስለሚነበቡ ፈጥኖ የሚሮጥ ነገር ይጣመማል።

ታዲያ ኮረም ላይ የሚሮጥ አልነበረም። ብርሃኑ ደካማ፣ ሰዉ ተቀምጦ፣ ባትሪ መሙያ የለም። ለዚያ ንጋት የመጀመሪያዎቹን ሲሞሶች አልመርጥም፤ ባትሪውን ችዬ ሲሲዲ እይዝ ነበር። የዛሬውን ሲሞስ ካመጣችሁልኝ ግን ክርክሩ አለቀ፤ ጫጫታው ወርዷል፣ ባትሪውም ይከርማል።

አሚን በግንቦት 1983 መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ግራ እጁን አጣ፤ የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ እዚያው ሞተ። ሰው ሠራሽ እጅ አስገጥሞ ወደ ካሜራው ተመለሰ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተሳፈረበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተጠለፈ፤ ነዳጅ ጨርሶም ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ። ከ175ቱ ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች 125ቱ ሲሞቱ አሚን አንዱ ነበር። ካኖን የመጀመሪያውን ባለ ሲሞስ ዲጂታል ካሜራውን፣ ዲ30ን፣ ያወጣው ከአራት ዓመት በኋላ ነው።