የብቅልን ኃይል የለየው ኬሚስት፦ አንሴልም ፓየን

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ደጋ፣ በተለይም በጉና ተራራ ዙሪያ፣ ገብስ የምግብም የመጠጥም መሠረት ነው። ጠላ ጠማቂዋ ገብሱን ዘፍዝፋ፣ በቅጠል ጠቅልላና አጎንቁላ፣ በፀሐይ አድርቃ ብቅል ታደርገዋለች። ለጥንስሱ የሚሆነውን ብቅል በምጣድ አታምሰውም፤ እሳት ኃይሉን ይገድለዋልና። ይህ ኃይል በቤተ ሙከራ ተለይቶ ስም ያገኘው በአንሴልም ፓየንና በባልደረባው በዣን ፍራንሷ ፔርሶ እጅ ነው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ፓየን በጥር ወር 1795 በፓሪስ ተወለደ። አባቱ የኬሚካል ፋብሪካ ባለቤት ስለ ነበር የመጀመሪያ ትምህርቱን ያገኘው ከእርሱው ነው። ገና በ20 ዓመቱ የቦራክስ ማምረቻ ኃላፊነት ተረከበ፤ ምርቱንም ርካሽ የሚያደርግ ዘዴ አገኘ። ቀጥሎ ወደ ቀይ ሥር ስኳር ፊቱን አዞረ፤ ከሰል የስኳርን ቀለም እንዴት እንደሚያነጣ መረመረ። እንግዲህ ወደ ሳይንስ የገባው በፋብሪካ በር ነበር።

ብቅል ስታርችን ወደ ስኳር እንደሚለውጥ በሩሲያ ይሠራ የነበረው ኬሚስት ኪርኾፍ አስቀድሞ አሳይቶ ነበር። ፓየንና ፔርሶ ግን በ1833፣ አገራችን በዘመነ መሳፍንት ሳለች፣ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዱ። የብቅሉን ውሃ አጥልለው አልኮል ጨመሩበት፤ ነጭ ዝቃጭ ወረደ። ዝቃጩ ደርቆ ዱቄት ሲሆን፣ አንድ እጁ 2000 እጅ ስታርች ለማሟሟት በቃ። ውሃው ሲፈላ ግን ኃይሉ ጠፋ። ለዚህ ነገር ዲያስቴዝ የሚል ስም አወጡለት። ዛሬ የብዙ ኢንዛይሞች ስም በ«ኤዝ» የሚያልቀው ከዚሁ ተወስዶ ነው።

ዲያስቴዝ በግሪክኛ መለየት ማለት ነው። ሁለቱ ኬሚስቶች የስታርች ቅንጣት ቅርፊት ያለው ከረጢት መስሏቸው፣ ዲያስቴዝም ቅርፊቱን ከውስጡ የሚለይ መስሏቸው ነበር። ስሙ ሲጸና ግምቱ ግን ፈረሰ። ቅንጣቱ አሚሎዝና አሚሎፔክቲን የተባሉ የስኳር ሰንሰለቶች በጥብቅ ተደራርበው የሠሩት ጠጣር ነገር ነው። ኢንዛይሙ በውሃ ውስጥ ሲንሳፈፍ፣ ይህን ጠጣር ከመቁረጡ በፊት መጨበጥ አለበት። የገብስ አልፋ አሚሌዝ ከመቁረጫው ስፍራ ራቅ ብሎ በገጹ ላይ መጨበጫ አለው፤ በዚያም ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ትሪፕቶፋን የተባሉ አሚኖ አሲዶች በስኳሩ ቀለበት ላይ ይለጠፋሉ። የአንዳንድ ሻጋታ ኢንዛይም ደግሞ ለዚሁ ሥራ የተለየ ክፍል አለው። ያ ክፍል ሲቆረጥ ኢንዛይሙ የሟሟ ስታርችን መቁረጡን አይተውም፤ በጥሬው ቅንጣት ላይ ግን አብዛኛውን አቅሙን ያጣል።

ስለዚህ እንኩሮ የሚታመሰው ለጣዕምና ለቀለም ብቻ አይደለም። እርጥበትና ሙቀት የቅንጣቱን ድርድር ያላሉታል፤ የብቅሉ ኢንዛይም ጥሬውን ቅንጣት ለመጨበጥ ሳይደክም ሰንሰለቱን ይደርስበታል። ኢንዛይሙ ያልደረሰበት ስታርች ከአተላው ጋር ይወጣል። መሬቱ በተራቆተበት፣ አዝመራው በሚያጥርበት ደጋ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ፓየን በ1838 የእንጨትን ሕዋስ ግድግዳ መርምሮ ሴሉሎዝን ለየ። በኤኮል ሳንትራልና በፓሪሱ የጥበባትና የሙያ ተቋም አስተማረ፤ በ1842 የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ። በግንቦት 1871፣ ፓሪስ በኮሙን ውጊያ በምትናወጥበት ወር፣ በ76 ዓመቱ አረፈ።

ከሕይወቱ ለሙያ ጓደኞቻችን የሚተርፈው ትምህርት አንድ ነው። ፓየን የፋብሪካ ሠራተኛ የሚያውቀውን ነገር አልናቀም፤ መዘነው፣ ለካው፣ ስምም ሰጠው። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ እናቶች በእጃቸው የሚያውቁትን፣ ገብሱ ስንት ቀን እንደሚጎነቁል፣ ብቅሉ ምን ያህል እንደሚደርቅ፣ እንኩሮው እስከ ምን እንደሚታመስ፣ በሙቀት መለኪያና በሚዛን ማስፈር የኛ ፈንታ ነው። ግምታችን እንደ ፓየን ከረጢት ቢፈርስ እንኳ፣ በትክክል የተለካው ነገር ይቆያል።