መንታውን የለየው ካርል አውር

በጀሞ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ማታ መብራት ሲጠፋ፣ ሻማ ለመለኮስ የላይተሩን ጥርሳም መንኮራኩር በአውራ ጣቱ የሚያሽከረክር ሰው ያችን ብልጭታ ማን እንደ ሰጠው አያስብም፤ ሊያስብም አይገደድም። ለእኛ ለሙያ ባልደረቦች ግን ነገሩ የተለየ ነው። ብልጭታዋን የምታፈልቀው ጠጠር በእርግጥ ድንጋይ አይደለችም፤ ኦስትሪያዊው ኬሚስት ካርል አውር ፎን ቬልስባኽ ሴሪየምን ከብረት ጋር አዋሕዶ በ1903 የፈለሰፋት ቅይጥ ናት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አውር በ1858 በቪየና ተወለደ። አባቱ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ማተሚያ ቤት ኃላፊ ነበር። ወጣቱ ወደ ሃይደልበርግ ተሻግሮ ከሮበርት ቡንዘን ዘንድ ተማረ፤ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በሚሰጠው የብርሃን መስመር እንደሚታወቅም በዚያ ተረዳ። በ1882 የዶክትሬት ማዕረጉን ይዞ ወደ ቪየና ተመለሰ።

በዚያን ዘመን ዲዲሚየም አንድ ንጥረ ነገር ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ስዊድናዊው ሞሳንደር ስሙን ያወጣለት ከግሪክኛ ሲሆን ትርጉሙ መንታ፣ ይኸውም የላንታነም መንታ ማለት ነው። ብርቅዬ የምድር ንጥረ ነገሮች በኬሚካዊ ጠባያቸው እጅግ ስለሚመሳሰሉ፣ አንዱን ከሌላው በአንድ እርምጃ መለየት አይቻልም። አውር የዲዲሚየምን ናይትሬት ከአሞኒየም ናይትሬት ጋር አጣምሮ ያሟሟዋል፤ ያተነዋል፤ ክሪስታሉን ከፈሳሹ ይለያል፤ እንደገናም ያሟሟዋል። ይህን ያለ መሰልቸት ሲደጋግም ቆይቶ በአንድ ወገን አረንጓዴ፣ በሌላው ወገን ሮዝ ቀለም ያለው ጨው አገኘ። መንታ የተባለው ራሱ ሁለት ሆኖ ተገኘ፤ ፕራሲዮዲሚየምና ኒዮዲሚየም። ግኝቱን በ1885 ለቪየና አካዳሚ አቀረበ።

በዚያው ዓመት የጋዝ መብራትን የሚያደምቅ መረብ ፈለሰፈ። ነገር ግን ብርሃኑ ወደ አረንጓዴ ያደላ፣ መረቡም ተሰባሪ ስለ ነበር ፋብሪካው በ1889 ተዘጋ። እኔ የሰውየውን ማንነት የማየው እዚህ ላይ ነው፤ ወደ ላቦራቶሪው ተመልሶ በ1891 ዘጠና ዘጠኝ እጅ የቶሪየም፣ አንድ እጅ የሴሪየም ኦክሳይድ ያለበትን መረብ ይዞ ወጣ። በሀገራችን ማሾ ያበራ ሁሉ ያን መረብ ያውቀዋል። ቶሪየሙ ከሞናዛይት አሸዋ ሲወጣ የሚተርፈው የሴሪየም ክምር ነው በኋላ የላይተር ጠጠር የሆነው።

ሁልጊዜ ግን አልቀናውም። ይተርቢየምን ለሁለት ከፍሎ ስም ቢያወጣላቸውም፣ ፈረንሳዊው ኡርባን በ1907 ተመሳሳይ ውጤት ስላሳተመ ቀዳሚነቱ በ1909 ለኡርባን ተፈረደ። አውር በ1929 በኬርንተን አረፈ።

በ1937 ጀርመናውያን ኬሚስቶች ክሪስታሉን ትተው ንጥረ ነገሮቹን በማይቀላቀሉ ሁለት ፈሳሾች መካከል ለመለየት ሞከሩ። ዛሬ በፋብሪካ የሚሠራበትም ይኸው ነው። ጨው የሟሟበት ውሃና ፎስፎረስ ያለበት ውሁድ የተጨመረበት ኬሮሲን አብረው ይናጣሉ፤ ከዚያም እስኪለያዩ ይተዋሉ። በአንድ መናጥ ኒዮዲሚየም ወደ ኬሮሲኑ የሚያልፍበት መጠን ከፕራሲዮዲሚየም ቢበልጥ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ ብዙ ገንዳዎች ይደረደራሉ፤ ፈሳሾቹም በተቃራኒ አቅጣጫ ይፈስሱባቸዋል። አውር በእጁ የደጋገመውን ገንዳዎቹ ቀንና ሌሊት ይደጋግሙታል።

ታንታለምና ኒዮቢየምም የሚለያዩት በዚሁ ስልት ነው። የቀንጢቻ ታንታለም ግን ለዓመታት ከኒዮቢየሙ ሳይለይ በጆንያ እየተሞላ ወደ ውጭ ሲላክ ኖሯል።