የልብስ ሰፊው ልጅና የቆርቆሯችን ሶላር

የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ሒሳብ ሊቅ ምን አገባው የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ምክንያት አለኝ። የመርሳ ልጅ ነኝ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ እኛ ሲደርስ ከወልዲያ እስከ ሀብሩ መብራት ለወራት ጠፋ። እኛ ቤት ስልክም ሬዲዮም የሚሠሩት ቆርቆሮው ላይ ባለችው አንዲት ትንሽ ሶላር ነበር። ክረምቱ ወጥቶ አቧራው ሲጀምር ደከመች። ባትሪው አርጅቶ ነው ብለን ዝም አልን። አንድ ቀን እናቴ በእርጥብ ጨርቅ ብትወለውላት ተነሳች! እስከዚያ ያለፈን ዜና ዛሬም ይቆጨኛል። ለመሆኑ አቧራው ስንቱን ብርሃን ነው የወሰደብን? ይህን ሳጠያይቅ ነው ዮሃን ሃይንሪሽ ላምበርትን ያገኘሁት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ላምበርት በ1728 ዛሬ የፈረንሳይ በሆነችው ሙሉዝ ከተማ ተወለደ። አባቱ ድሃ ልብስ ሰፊ ነበር። ልጁ በ12 ዓመቱ ትምህርት አቋርጦ አባቱን ማገዝ ያዘ፤ ከሥራ በተረፈው ሰዓት ግን ብቻውን ያነብ ነበር። ቀጥሎ በብረት ማቅለጫ ጸሐፊ ሆነ። ከዚያ፣ ይቺን ለክፍላችን ልጆች ስል ነው የማነሳት፣ በባዝል ከተማ የአንድ ጋዜጣ አዘጋጅ ጸሐፊ ሆኖ ሠራ። በ1748 ስዊዘርላንድ ውስጥ ኩር በተባለች ከተማ የመኳንንት ልጆችን ሊያስተምር ተቀጠረ። የጠቀመው የቤቱ ቤተ መጻሕፍት ነው።

በ1760 ፎቶሜትሪያ የተባለውን መጽሐፉን አሳተመ። የዛሬው የብርሃን መለኪያ ያኔ የለም፤ በዓይኑ እያነጻጸረ ነው የለካው። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ስስ የአቧራ ድርብ ከብርሃኑ ግማሹን ያስቀራል እንበል። ሁለተኛው ድርብ ሲጨመር ሁሉም ይጠፋል ማለት አይደለም፤ የቀረውን ያጋምሰዋል፣ ሩብ ያልፋል። ሦስተኛ ሲደረብ ከስምንት አንድ። እውነቱን ለመናገር ይህን ሕግ ፈረንሳዊው ፒየር ቡጌ በ1729 ቀድሞት ጽፎታል። ስሙ ግን ሲጠራ በብዛት የሚሰማው የላምበርት ነው፤ ምንጭ ጥቀሱ እየተባልን ለምንማር ሰዎች ይህ ትንሽ ያሳዝናል።

አንድ ነገር ምን ያህል ብርሃን መልሶ እንደሚያንጸባርቅ የሚገልጸውን አልቤዶ የሚለውን ቃል ለሳይንስ የሰጠውም እሱ ነው። አዲስ በረዶ ከ100 እጅ 80ውንና ከዚያም በላይ ይመልሳል። እኛ በረዶ የምንለው ጠጠር ሆኖ ወርዶ ቶሎ የሚቀልጠውን ነው፤ በሰሜን አገሮች ግን እንደተባዘተ ጥጥ ሶላሩ ላይ ተኝቶ ይሰነብታል። እዚያ የክረምቱን ኪሳራ ለመገመት አንዱ መንገድ ሁለት እኩያ ሶላር ጎን ለጎን ተክሎ አንዱን ብቻ መጥረግና የቀን ምርታቸውን ማስተያየት ነው። ለመርሳ አቧራም ይሠራል፤ እኛ ግን ሁለተኛ ሶላር አልነበረንም።

ላምበርት በርሊን ሲደርስ ንጉሥ ፍሬድሪክ አለባበሱንና አነጋገሩን አይቶ ንቆት ነበር ይባላል። ቢሆንም በ1765 የፕሩሲያ ሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ። ፓይ የሚባለው ቁጥር በክፍልፋይ ሊጻፍ እንደማይችል ያረጋገጠውም ይኸው ሰው ነው። በ1777 በርሊን ውስጥ በ49 ዓመቱ አረፈ። የእኛን ሶላር እናቴ አሁን በየሳምንቱ ትወለውላታለች።